ጓንቱን ያለፈው ጠብታ፦ ኦርጋኒክ ሜርኩሪና «ምን ሆንኩ?» የሚለው መከራከሪያችን

ጎንደር ውስጥም ሆነ ሌላ ቦታ ላቦራቶሪ የሚገባ ተማሪ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ጓንት አድርግ» የሚል ነው። ያው የምናውቀው ጓንት። ስስ፣ ነጭ፣ በካርቶን የሚሸጥ፣ አንዴ ተደርጎ የሚጣል። መጥፎ ነገር አይደለም። ለደም ያገለግላል፣ ለብዙ ተራ ሥራም ይበቃል። ችግሩ ጓንቱ ከተጠለቀ በኋላ የሚመጣው ልበ ሙሉነት ነው። «ጓንት አድርጌያለሁ እኮ!» ይባላል፣ በቃ፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

ይህን ልበ ሙሉነት ከሥሩ የነቀለ አንድ ኬሚካል አለ። ዳይሜቲልሜርኩሪ የሚባል የሜርኩሪ ውህድ ነው። አብዛኞቻችን በሕይወታችን አናየውም፤ ባናየውም ይሻለናል። ታሪኩ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ተዘግቶ የሚቀር አይደለም። እስከ ጎንደር አራዳ ሱቅና እስከ ደምቢያ ገበሬ ጎተራ ድረስ ይመጣል። የዚህ መርዝ ቤተሰቦች የሚጋሩት አንድ ክፉ ጠባይ አለና። ሲገቡ አያምሙም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ዝም ይላሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰው «ይኸው ተጠቀምኩት፣ ምን ሆንኩ?» ይላል። እኔ መጣላት የፈለግኩት ከዚህች ጥያቄ ጋር ነው።

ከፍልሰታ እስከ ጥምቀት

ቀኑ ነሐሴ 8 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው። እኛ ፍልሰታን የምንጾምበት ሰሞን። አሜሪካ፣ ዳርትመዝ ኮሌጅ ውስጥ ፕሮፌሰር ካረን ዌተርሃን ላቦራቶሪያቸው ውስጥ ናቸው። ሙያቸው መርዛማ ብረቶች በሕዋስ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ማጥናት ነው። በክሮሚየም ምርምራቸው ይታወቃሉ። ጀማሪ አይደሉም፣ ግድየለሽም አይደሉም።

ያን ቀን የሚሠሩት በኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ መሣሪያ ለሚደረግ ልኬት ናሙና ማዘጋጀት ነው። መሣሪያው ሜርኩሪን ሲለካ የሚነጻጸርበት ነገር ያስፈልገዋል። በዚያ ዘመን ለዚህ የተለመደው ዳይሜቲልሜርኩሪ ነበር። የሚሠሩት ጋዝ በሚስበው ካቢኔ ውስጥ ነው። መነጽር አድርገዋል፣ ጋውን ለብሰዋል፣ ያንኑ ስስ የጎማ፣ ላቴክስ የሚባለውን ጓንት አጥልቀዋል። ፈሳሹን በፒፔት ሲያሻግሩ አንድ ወይም ጥቂት ጠብታ ጓንታቸው ላይ ጠብ አለ። ቦታውን አጸዱ፣ ጓንቱን አወለቁ፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ዝም።

ወራት አለፉ። ኋላ ላይ ክብደታቸው ወደ 7 ኪሎ ቀነሰ። አልፎ አልፎ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ሆዳቸውን ይረብሻቸዋል። ይህን ከነሐሴዋ ጠብታ ጋር ማን ያገናኘዋል? ጥር ሲገባ ግን እግራቸው አልታዘዝ አለ። ሚዛናቸውን መጠበቅ አቃታቸው፣ ንግግራቸው ተኮላተፈ። ሆስፒታል የገቡት ጥር 12 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ላይ ጥምቀት በዋለ ማግስት መሆኑ ነው። ጠብታዋ ከወደቀች 5 ወር አልፏታል።

ደማቸው ሲመረመር በሊትር 4,000 ማይክሮግራም ሜርኩሪ ተገኘበት። በተራው ሰው ደም ውስጥ የሚጠበቀው ከ1 እስከ 8 ነው። ከ200 ካለፈ መርዛማ ደረጃ ይባላል። ሜርኩሪን ይዞ የሚያስወጣ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ደማቸው ሳይቀር በሌላ ደም ተተካ። አልሆነም። በወሩ መጨረሻ ራሳቸውን ሳቱ፤ ሰኔ 1 ቀን አረፉ። 48 ዓመታቸው ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ የፀጉራቸው ነገር ነው። ፀጉር ሲያድግ በጊዜው ደም ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ይዞ ያድጋል። ስለዚህ ከሥር እስከ ጫፍ ተከፋፍሎ ሲለካ ያለፉትን ወራት በተራ ያሳያል። የእሳቸው ፀጉር ላይ ሜርኩሪው በአንድ ጊዜ ሽቅብ ወጥቶ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሲወርድ ታየ። በየቀኑ ሲመረዙ አልኖሩም ማለት ነው። አደጋው የደረሰው አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ጓንቱ ተፈተሸ። ዳይሜቲልሜርኩሪ ላቴክስን ለማለፍ 15 ሰከንድ እንኳ አያስፈልገውም ተባለ። አቡነ ዘበሰማያት ተጀምሮ ግማሽ ሳይደርስ ማለት ነው። ሌሎቹ ተጣይ ስስ ጓንቶችም ከላቴክሱ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ጓንቱ አልተቀደደም፣ አልቀለጠም፣ ቀለሙን አልቀየረም። ዝም ብሎ አሳለፈ።

ለምን አሳለፈ?

ዳይሜቲልሜርኩሪ ውሃ የሚመስል፣ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ነው። ክብደቱ ግን የውሃ 3 እጥፍ ገደማ ነው። ከዚያ ክብደት አብዛኛው ራሱ ሜርኩሪው ስለሆነ ትንሿ ጠብታ ብዙ ትሸከማለች። በስብ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፤ ጎማም ቆዳም የማያቆሙት ለዚህ ነው። ክፍት ከተተወ ይተናል፣ በትንፋሽም ይገባል። ደስ የሚል ጣፋጭ ሽታ አለው ይባላል። ሽታውን ያረጋገጠ ሰው ግን ስቦታል ማለት ነውና ማሽተት እንደ መመርመሪያ አይታሰብም።

ሜርኩሪ ሁሉ አንድ አይደለም። የቴርሞሜትሩ ብርማ ፈሳሽ ቢዋጥ አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። እሱ የሚከፋው ተንኖ ሲተነፈስ ነው። የሜርኩሪ ጨዎች የሚባሉት በዋናነት ኩላሊት ላይ ይበረታሉ። ሦስተኛው ወገን ከካርቦን ጋር የተያያዘው፣ ኦርጋኒክ የሚባለው ነው። ይሄኛው አንጎል ይወዳል።

እንዴት እንደሚገባ ማወቁ ደግሞ የባሰ ያስደነግጣል። ዳይሜቲልሜርኩሪ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ሜቲልሜርኩሪ ይለወጣል። ሜቲልሜርኩሪ ሲስቴይን ከሚባል አሚኖ አሲድ ጋር ይጣበቃል። ሁለቱ ተጣብቀው ሲታዩ ሜቲዮኒን የሚባለውን፣ አንጎል የሚፈልገውን ንጥረ ነገር ይመስላሉ። አንጎል ያኔ ምግብ መጣ ብሎ ያስገባዋል። በእርግዝና ጊዜም በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ጽንሱ ዘንድ ይደርሳል። ለመውጣት ደግሞ አይቸኩልም። በፕሮፌሰሯ ላይ እንደታየው ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 75 ቀን ገደማ ፈጅቶበታል።

ለነገሩ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አጋማሽ ለንደን፣ ቅዱስ ባርቶሎሚው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ይህንኑ ውህድ ሲሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ከ130 ዓመት በላይ ብልቃጡ መደርደሪያ ላይ ኖረ።

ታጥቦ የተበላው ዘር

ላቦራቶሪ ለማይገባ ሰው ከዌተርሃን ታሪክ የሚቀርበው የኢራቁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ኢራቅ ከድርቅ በኋላ ከ90 ሺህ ቶን በላይ የስንዴና የገብስ ዘር ከውጭ አስገባች። ዘሩ እንዳይሻግት በሜቲልሜርኩሪ ታሽቷል። ለመለየት እንዲመች ቀይ ሮዝ ቀለም ተቀብቷል። ጆንያው ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። የራስ ቅል ሥዕልም ነበረበት። ገበሬው ያንን ሥዕል ከዚያ በፊት የት አይቶት?

ዘሩ በብዙ ቦታ የደረሰው የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ እህል የለም። ጆንያ ሙሉ ስንዴ ግን አለ። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። አጠቡት፣ ቀለሙ በውሃ ለቀቀ። ለዶሮ ሰጥተው ጥቂት ቀን ጠበቁ፣ ዶሮዋ ምንም አልሆነችም። እናስ? ፈጩት፣ ጋገሩት፣ በሉት። ቀለሙ ታጠበ እንጂ መርዙ እህሉ ውስጥ ነበር። ዶሮዋም ጊዜዋ ገና ነበር።

ሳምንታት ቆይቶ እጅና እግር መደንዘዝ ጀመረ። ከዚያ አካሄድ ተበላሸ፣ እይታ ጠበበ፣ ጆሮ ደከመ። ሆስፒታል የገቡት 6,530 ሰዎች ተመዘገቡ፤ ከነሱ 459ኙ ሞቱ። ይህ ሆስፒታል የደረሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደኛ እንምጣ። ሜርኩሪ ያለበት የተባይና የሻጋታ መድኃኒት የሜርኩሪን ጉዳት ለመቀነስ በተደረገው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲቀር ከተደረጉት አንዱ ነው። ስለዚህ ደምቢያ ወይም ጭልጋ ያለ ገበሬ ዛሬ የሚይዘው ምርጥ ዘር የኢራቁ ዓይነት ነው ብዬ ማስደንገጥ አልፈልግም። ቀለም የተቀባ ዘር ግን ዛሬም አለ፤ ቀለሙ የሚቀባውም መድኃኒት ስላለበት ነው። ክረምቱ ከብዶ ጎተራ ሲጎድል «አጥበን ብንቆላው ምን አለበት?» የሚል ሐሳብም ዛሬ አለ። ዶሮ አበልተን እንየው የሚለው ፈተና ኢራቅ ላይ ተሞክሯል። ውጤቱ ከላይ ያለው ነው።

«እኔም እቀባዋለሁ፣ ምን ሆንኩ?»

አራዳ አካባቢ ካሉት የመዋቢያ ሱቆች አንዱ ውስጥ እንግባ። መስተዋት ያለው መደርደሪያ፣ በላዩ የተደረደሩ ትንንሽ ክሬሞች። ካርቶናቸው ላይ የፊቷ ቆዳ የሚያብረቀርቅ ሴት አለች። ጽሑፉ አንዳንዱ የቻይና፣ አንዳንዱ የዐረብ፣ አንዳንዱ ምንም የለውም።

«እህቴ፣ ይሄኛው ኦሪጅናል ነው። በሁለት ሳምንት ቅላቱን ታዪዋለሽ።»

«ጉዳት የለውም ግን?»

«ኧረ ምን ጉዳት! እኔስ እሱን አይደል የምቀባው? ምን ሆንኩ?»

ሻጯ እየዋሸች አይደለም። የምታምነውን ነው የምትናገረው። ችግሩ የምታቀርበው ማስረጃ ማስረጃ አለመሆኑ ነው።

ቆዳ የሚያቀሉ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ የሚጨመረው ሜላኒን የሚባለውን የቆዳ ቀለም እንዳይመረት ስለሚያግድ ነው። በአብዛኛው የሚጨመረው ጨው ዓይነቱ ነው፤ ኩላሊት የሚጎዳው። እሱ ራሱ በቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ካሊፎርኒያ፣ ሳክራሜንቶ ከተማ ውስጥ ከዚያ የባሰ ታየ። የ47 ዓመት ሴት ናት። በሰው በሰው ከሜክሲኮ የሚመጣላትን ክሬም በቀን ሁለቴ ለ7 ዓመት ስትቀባ ኖራለች። መጀመሪያ ቆዳዋ ላይ የተለየ ስሜት፣ ክንዷ ላይ ድካም መጣ። ከዚያ ንግግሯ ተበላሸ፣ ዓይኗ ደበዘዘ፣ አረማመዷ ተናጋ። ደሟ ውስጥ በሊትር 2,620 ማይክሮግራም ሜርኩሪ ተገኘ። ክሬሙ ሲመረመር ሜቲልሜርኩሪ ነበረበት። ብልቃጡ ላይ የታወቀ ድርጅት ስም አለ፤ ውስጡ ግን ሌላ ሰው የቀላቀለው ነው። ፎርጅድ እንደምንለው።

እዚህ ላይ «7 ዓመት» የሚለው ልብ ይባል። ዕቃው በእጅ እየተቀየጠ የሚመጣ ከሆነ ያለፈው ብልቃጥ ስለሚቀጥለው ምንም አይናገርም። ስድስተኛው ዓመት ላይ ብትጠየቅ እሷም «ምን ሆንኩ?» ማለቷ አይቀርም ነበር።

ጎንደር የሚሸጠው ክሬም ሁሉ ሜርኩሪ አለበት አልልም። ሳይመረመር ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ሻጯም ጭምር። አንዳንድ ምልክት ግን አለ። የይዘት ዝርዝር የሌለውን መተው ነው። ዝርዝር ካለው ደግሞ ሜርኩሪ ወይም መርኩሪክ የሚል ቃል፣ ካሎሜል የሚል ስም ካለበት መመለስ ነው። «ከወርቅ፣ ከብር፣ ከአሉሚኒየም ጋር እንዳይነካካ» የሚል ማሳሰቢያ ካየን ነገሩ ግልጽ ነው። ፊት ላይ የሚቀባ ነገር ከወርቅ ጋር ምን ጠብ አለው? ሜርኩሪ ወርቅን ስለሚበላ ነው።

የሚናማታ ስምምነት መጀመሪያ የፈቀደው ከ1 ኪሎ ክሬም ውስጥ እስከ 1 ሚሊግራም ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ጄኔቫ ላይ አባል አገሮች ይህንንም አንስተው ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ በ2025 ጨርሶ እንዲቀር ተስማሙ። ወረቀት ላይ መልካም ነው። ጉምሩክ የማያየው በሻንጣ የሚመጣው ነው።

ላቦራቶሪው ውስጥ ምን ይደረግ?

ከዌተርሃን ሞት በኋላ የመጣው ትልቁ ምክር ስለ ጓንት አይደለም። አትጠቀሙት የሚል ነው። ለዚያ መሣሪያ መነጻጸሪያ የሚሆኑ፣ አደጋቸው እጅግ ያነሰ ሌሎች የሜርኩሪ ውህዶች አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በምን ልያዘው?» ሳይሆን «ግድ ነው ወይ?» ነው። ለተማሪ ምርምር መልሱ ሁሌም «አይደለም» ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ግድ ከሆነ ሁለት ጓንት ነው። ውስጥ በተደራረበ ፕላስቲክ የተሠራና ለኬሚካል የተፈተነ ጓንት፤ ከላይ ደግሞ ክንድ ድረስ የሚመጣ ወፍራም የኒዮፕሪን (ሰው ሠራሽ ጎማ) ወይም የመሰለው ጓንት። ፊትን የሚሸፍን መከለያ፣ በትክክል የሚስብ ካቢኔ። ካቢኔው ይስባል ወይስ የቆመ ጌጥ ነው? መብራት በሚሄድበት ከተማ ይህ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። ብቻን መሥራት አይፈቀድም። ጠብታ ከነካ ጓንቱ እዚያው ይወልቃል፤ ለኃላፊ ይነገራል፤ በዚያው ሰሞን ደም ይመረመራል። ምልክት እስኪመጣ ከተጠበቀ መድኃኒቱ የሚደርሰው ከአንጎል ጉዳት በኋላ ነው።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግምጃ ቤቱ ነው። በዕድሜ የገፋ የትምህርት ተቋም ሁሉ የቆየ ኬሚካል የሚያከማችበት ክፍል አለው። በእርዳታ የመጣ፣ ያዘዘው መምህር ጡረታ የወጣ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ ብልቃጥ። በዚያ መካከል ኦርጋኒክ ሜርኩሪ የሚል ነገር ከተገኘ መክፈት የለም፣ ማሽተት የለም፣ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ የለም። ክፍሉን ቆልፎ ለኃላፊው በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ሲንክ ውስጥ ማፍሰስማ የማይታሰብ ነው።

ሲንኩን ያነሳሁት ክልከላው ለተሰበረ ቴርሞሜትርም ስለሚሠራ ነው። ከጎንደር የሚወርደው ውሃ፣ ቀሃም አንገረብም፣ መገጭ ላይ ደርሶ ጣና ይገባል። ተራው ሜርኩሪ ኦክስጅን ያነሰበት ጭቃ ውስጥ ሲቀመጥ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲልሜርኩሪ ይለውጡታል። ከዚያ ትንንሽ ነፍሳት ይበሉታል፣ ነፍሳቱን ትንሹ ዓሣ፣ ትንሹን ዓሣ ትልቁ። በየደረጃው እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሌላ ዓሣ እየበላ የሚያድገው ዓሣ አልጌ ከሚበላው ቆሮሶ ይልቅ የበለጠ የሚያከማቸው ለዚህ ነው። ጎርጎራ ላይ ዓሣ አትብሉ ማለቴ አይደለም። ዓሣ መልካም ምግብ ነው። ሲንኩ ላይ የፈሰሰው የት እንደሚደርስ ግን ይታወቅ።

ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ከተሰበረ ልጆችን ማስወጣት፣ መስኮት መክፈት። በመጥረጊያ መጥረግ እንክብሉን ይበታትነዋል፤ ቫክዩም ደግሞ ያተነዋል። በጠንካራ ወረቀት ገፍቶ መሰብሰብ፣ የቀረውን ነጠብጣብ በፕላስተር ማንሳት፣ ሁሉንም ክዳን ባለው ዕቃ አጥብቆ መዝጋት ነው። የወርቅ ቀለበት ያደረገ መጀመሪያ ያውልቅ።

በመጨረሻ ስለ ሕክምና። እጅና እግሩ የሚደነዝዝ፣ የሚንገዳገድ ሰው ያየ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ስኳርን፣ የቫይታሚን እጥረትን፣ ነርቭን ነው። ልክ ነው። ሜርኩሪን እንዲያስብ ካስፈለገ ታማሚው መናገር አለበት፦ የምን ክሬም ይቀባ እንደነበር፣ የት ይሠራ እንደነበር፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ምን እንደነካ። ምርመራውም ይለያል። ኦርጋኒክ ሜርኩሪ ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በሐሞትና በሰገራ ስለሆነ የሽንት ምርመራ ብቻውን ሊያዘናጋ ይችላል፤ የሚታየው ደም ወይም ፀጉር ነው። ክሬም ከተጠረጠረ ብልቃጡን ከነካርቶኑ በፌስታል አስሮ ይዞ መሄድ ነው፤ ባዶ ቢሆንም እንኳ ከግድግዳው የተረፈው ለምርመራ ይበቃል።